ኅዳር 29ን (የብሔር ብሔረሰቦችን ቀን) ልብስ ተከራይቶ ከመጨፈር ውጪ እንዴት እናክብረው? ግቢ ያላችሁ እርዱን

የሱሉልታ_ብርድ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሦስተኛ ዓመት ነኝ፣ ግቢያችን ከእንጦጦ ወዲያ በሱሉልታ በኩል ነው፣ ስሙን አልጠራም የሚያውቀው ያውቀዋል። ዘንድሮ ሳላስበው የባህል ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኛለሁ፣ ስብሰባው ላይ አርፍጄ ስገባ «እሷ ትሁን» ተባለ አለቀ፣ እጄን እንኳ አላወጣሁም። አሁን ጥቅምት ተጋምሶ ኅዳር 29 እየመጣች ነው እና ጭንቀቴን ላካፍላችሁ።

አምና የሆነው እንዲህ ነው። ኮሚቴው ያለችውን ብር ይዞ በአዲሱ ገበያ አድርጎ ሽሮ ሜዳ ወረደ፣ ተከራይቶ ሲመለስ የአስራ ምናምን ብሔረሰብ ልብስ በሁለት ማዳበሪያ ታጭቆ መጣ፣ ዶቃው ከጥልፉ ተጠላልፎ ለመፍታት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀ። ከዛ ማን ምን ይልበስ ሲባል በቁመትና በመልክ ተመደበ። አልዋሽም፣ በቁመት! «አንተ ረጅም ነህ ይሄን ልበስ፣ አንቺ ፀጉርሽ ሉጫ ነው ያንን»። የራሱን ልብስ የለበሰ ከአምስት ሰው አይበልጥም ነበር። መድረክ መሪው ደግሞ «አሁን የጋምቤላ ብሔረሰብ!» ብሎ በማይክ ሲጮህ ከኔ ኋላ የተቀመጠ ልጅ ቀስ ብሎ «ጋምቤላ ብሔረሰብ አይደለም» አለ፣ እኔ ሰማሁት ሌላ ማንም አልሰማም። መድረክ ላይ የነበረው ልጅ እንደወረደ ዶቃውን አውልቆ፣ አጥፎ፣ ወንበር ላይ አስቀምጦ ምሳ ሳይበላ ዶርሙ ገባ። እኛ ዲፓርትመንት ነው፣ ሰላም እንባባላለን፣ ስለዛ ቀን ግን አንድም ቀን አንስተን አናውቅም።

እና ዘንድሮ እንደዛ እንዳይሆን እፈልጋለሁ። ችግሩ በጀቱ እዚህ ግባ አይባልም፣ ከአንዳንዱ ብሔረሰብ ግቢ ውስጥ ያለው አንድ ወይ ሁለት ተማሪ ነው (አንድ ሰው ብቻውን ምን ይጨፍር?)፣ ከላይ ያሉት ደግሞ የሚሉን «ደማቅ ይሁን፣ እንግዳ ይመጣል» ብቻ ነው። እናንተ ግቢ እንዴት ነው የምታደርጉት? ፕሊስ የሠራችሁበት ካላችሁ በዝርዝር ጻፉልኝ፣ «አይዞሽ» ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ።

ቆሎ_በኪሴ፦
አይዞሽ 😂

ቀልዴን ነው። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ወደ ባህል ፕሮግራም የሄድኩት ለምሳው ነው አልደብቅም፣ ካፌ ሽሮ ሲሰለችሽ ኅዳር 29 እንደ ፋሲካ ትናፈቃለች። ስለዚህ ምግቡን አትናቂው። ዳንሱን ማንም አያስታውሰውም፣ እኔ ግን አንዲት የጉራጌ ልጅ ቆጮው እንዴት ተቀብሮ እንደሚብላላ እያስረዳች ያጎረሰችኝን እስካሁን አስታውሳለሁ።

የሜጢ_ልጅ፦
እኔ ያ ዶቃ ያወለቀው ልጅ አይደለሁም፣ ሌላ ግቢ ነበርኩ፣ ግን ስታወሪ ያለሁበት ነው የመሰለኝ።

እኔ ማጃንግ ነኝ። አማርኛ ላይ ብዙ ጊዜ መዠንግር ይሉናል። ጋምቤላ ክልል ውስጥ ነባር ተብለው የሚቆጠሩት አምስት ናቸው፣ አኙዋ ኑዌር ማጃንግ ኦፖ ኮሞ። ልጁ እውነቱን ነው፣ ጋምቤላ የክልልና የከተማ ስም ነው። ፍሬሽማን እያለሁ መጥተው «ጋምቤላ ነህ አይደል?» አሉኝ፣ አዎ አልኩ፣ የኑዌር ልብስና ዶቃ አልብሰው ጦር አስይዘው አወጡኝ፣ መድረክ መሪው «ከብት አርቢው ጀግና!» አለኝ። እሺ አሁን ይሄን ስሙት። ኑዌር የሜዳ ሕዝብ ነው፣ ከብት ሕይወቱ ነው፣ ዘፈኑም ስሙም ከከብት ጋር ነው። እኛ የጫካ ሰዎች ነን። ጫካው ውስጥ ገንዲ (የከብት በሽታ) ስላለ ከብት እንደልብ አይኖርም፣ የኛ ሀብት ማር ነው። አባቴ በዕድሜው አንድም ላም ኖሮት አያውቅም፣ እኔ ግን ሦስት ሺህ ሰው ፊት ከብት አርቢ ሆኜ ቆምኩ 😅 አሁን ስጽፈው ያስቃል፣ ያኔ ግን አላሳቀኝም። ደግሞ ቅሬታዬ ኑዌሮች ላይ እንዳይመስላችሁ፣ ዶርም አብሮኝ የሚተኛው ኑዌር ነበር፣ ከኔ በላይ የተናደደው እሱ ነው፣ «ዶቃውን ገልብጠው ነው ያሰሩብህ» እያለ።

«አንድ ሰው ብቻውን ምን ይጨፍር» ላልሽው፣ ማን ጨፍር አለው? እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ ስለ ቀፎ አወራ ነበር። ግንድ ለሁለት ተሰንጥቆ ውስጡ ይቦረቦራል፣ ተመልሶ ይገጠምና በሐረግ ይታሰራል፣ ከዛ እንደ ቀረሮ ያለ ግዙፍ ዛፍ ላይ በገመድ ተወጥቶ ይሰቀላል። አባቴ ሲወጣ ከታች ሆኜ አየው ነበር፣ እግሩ ግንዱን ሲረግጥ ድምፅ የለውም፣ ከላይ ጭስ ይወርዳል፣ ከጭሱ ኋላ ማሩ በቅርጫት ይወርዳል፣ እኛ ልጆቹ ከነሰፈፉ እንበላለን ንብ ይነድፈናል እያለቀስን እንበላለን። ይሄን ለማውራት ልብስ ኪራይ አያስፈልገኝም፣ አስር ደቂቃና አንድ ማይክ ብቻ። የማጃንግ ጫካ በ2017 በፈረንጆቹ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ግቢ ውስጥ ፎረስትሪና ባዮሎጂ የሚማሩት እንኳ ከኔ ሲሰሙ ነው ያወቁት።

ባጭሩ መጀመሪያ ሂጂና ያንን ልጅ አናግሪው። ኮሚቴ ሆነሽ አይደለም፣ ሻይ ጋብዢውና።

ስልችት_ብሎኛል፦
ወገን ይሄ ነገር ለምን አይቀርም? ብሔር ብሔር ብሔር። ለትምህርት ነው የመጣነው፣ ተምረን እንውጣ። ኢትዮጵያዊ ነን አይበቃም? ብሩ ለላይብረሪ ኔትወርክ ቢውል ይሻላል፣ የኛ ግቢ ዋይፋይ ከሠራ ሁለት ሳምንት ሆኖታል።

የሜጢ_ልጅ፦
ወንድሜ ዋይፋዩ ላይ አብሬህ ነኝ። ግን አንተ ግቢ ስትገባ ቋንቋህን የሚናገር ሰው አላጣህም መሰለኝ። እኔ አንደኛ ዓመት ላይ ከቤት ሲደወልልኝ ዶርም ውስጥ በማጃንግኛ ማውራት አፍሬ ውጪ ወጥቼ ዛፍ ሥር ነበር የማወራው፣ «ምንድነው የምታወራው» ብለው ስለሚስቁ። ኢትዮጵያዊ ነን ስንል ያ ቋንቋም አብሮ መቆጠሩን ነው የምፈልገው፣ ሌላ ምንም የለኝም።

የድሮ_ዩኒየን፦
እኔ የተማሪዎች ህብረት ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፣ አሁን ሁለት ልጅ አለኝ፣ ጋሼ ብትሉኝም አልቀየምም።

አንድ ነገር በጥብቅ ልንገርሽ። ውድድር እንዳታደርጉት! ዋንጫ፣ ደረጃ፣ ዳኛ፣ «የዓመቱ ምርጥ ባህል» የሚባል ነገር ፈጽሞ። በኛ ጊዜ አንድ ግቢ ውስጥ (አልጠራውም) አንደኛ ሁለተኛ ሦስተኛ ተብሎ ተሰጠ፣ ማታ ካፌ ላይ «ለምን የኛ አራተኛ ሆነ» ተጀመረ፣ ፕሮክተሮቹ እስከ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ዶርም ለዶርም ሲሯሯጡ አደሩ። ባህልን በነጥብ ስትለኪው የሚሸነፈው ዳንሱ አይደለም ሰውየው ነው። በ2012 መጀመሪያ ብዙ ግቢ ውስጥ በተነሳው ግጭት ስንት ተማሪ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ እንደተመለሰ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፣ እናቶች መናኸሪያ ላይ ቆመው ሲጠብቁ ነበር። እዛ ውስጥ ያለፈ ሰው ለዚህ አይነት ነገር ጥንቃቄ አይበዛበትም።

ሌላው ልብሱ። ከኪራይ ቤት የሚመጣው አብዛኛው ለሠርግና ለክሊፕ የተሰፋ ነው፣ ጨርቁ ያብለጨልጫል እንጂ አገር ቤት ማንም እንደዛ አይለብስም። የክልሎች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤቶች አዲስ አበባ ውስጥ አሉ፣ ከተማሪዎች ዲን ማህተም ያለው ደብዳቤ ይዘሽ ሂጂ፣ አንዳንዱ ይመልስሻል አንዳንዱ «ነገ ኑ» ይልሻል፣ ሦስት ጊዜ ተመላለሺ። እኛ በዚህ መንገድ ልብስም የሙዚቃ መሣሪያም አግኝተናል፣ የበርታዎች ዙምባራ ሳይቀር መጥቶልን ነበር፣ ያ ረጅሙ ከቅል የሚሠራው መለከት፣ አንዱ ብቻውን ዜማ አይወጣውም፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱን አንድ ድምፅ ብቻ በተራው እየነፋ ነው ተገጣጥሞ ዘፈን የሚሆነው። ለማስመሰል የሞከሩት ልጆች ጉንጫቸው እስኪያብጥ ነፍተው ፍሽሽ ብቻ ነው የወጣቸው፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ የበርታው ልጅም አብሮ ሳቀ፣ ከዛ እሱ ሲነፋው ፀጥ።

ጀነሬተር ነዳጅ እንዳለው ደግሞ ከዋዜማው በዓይንሽ እዪ። «አለ» ሲሉሽ አትመኚ።

ሰነድ_አገላባጭ፦
ለትክክለኛነት ያህል። ኅዳር 29 የተመረጠችው ሕገ መንግሥቱ በ1987 ኅዳር 29 ስለጸደቀ ነው፣ በዓሉ ራሱ መከበር የጀመረው ግን በ1999 ነው። እና ለፖስተራችሁ የሚጠቅም ነገር፣ አንቀጽ 5 ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና ይኖራቸዋል ይላል፣ አንቀጽ 39 ንዑስ 2 ደግሞ በቋንቋው የመናገር የመጻፍ፣ ባህሉን የመግለጽና የማዳበር መብት ነው። ሁሉም 39 ሲባል መገንጠሉን ብቻ ነው የሚያነሳው። በግቢው ውስጥ ባሉት ቋንቋዎች ሁሉ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል በር ላይ ለጥፉ፣ የሚያስወጣው የወረቀትና የማርከር ብቻ ነው፣ ግን እያንዳንዱን ራሱ ተናጋሪው ይጻፈው፣ ከጎግል አትገልብጡ እባካችሁ።

አይዴ፦
እኔ ሲዳማ ነኝ፣ የኔ ቅሬታ ደግሞ ከቀኑ ጋር ነው። አምና እኛንም «ፊቼ ጫምባላላን አሳዩ» አሉን። በኅዳር! ፊቼ እኮ የአዲስ ዓመት በዓል ነው፣ ቀኑን አያንቶዎቹ ናቸው ኮከብ አይተው ቆጥረው የሚያውጁት፣ ለዛ ነው በየዓመቱ ቀኑ የሚለያየው። በኅዳር ጫምባላላ መጨፈር ማለት ገናን በሐምሌ ዶሮ ሠርቶ «እንኳን አደረሳችሁ» እንደማለት ነው፣ እናቴ ቪዲዮውን አይታ «ዘንድሮ ማን አወጀው?» ብላ ነው የደወለችልኝ፣ በጣም ነው የሳቀችብኝ።

ደግሞ የሚቀርበው ሁሌ ቄጣላው ብቻ ነው ምክንያቱም ሆ ሲባል ለካሜራ ያምራል። በዓሉ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ዋዜማው ማታ በር ላይ ከእርጥብ እንጨት የተሠራ ሁሉቃ ይቆማል፣ ሰውም ከብቱም በሱ ሥር ያልፋል፣ ከአሮጌው ዓመት ወደ አዲሱ መሻገር ነው። ከዛ ቡሪሳሜ ይቀርባል፣ ከእንሰት ነው፣ ቅቤው እጅ ላይ እስኪወርድ፣ ቤተሰቡ ከአንድ ሻፌታ ዙሪያ ሆኖ ይበላል፣ ጠዋት ልጆች በየቤቱ እየዞሩ አይዴ ጫምባላላ ይላሉ ይበላሉ ቅቤ ይቀባሉ። የዛን ቀን እርጥብ ዛፍ አይቆረጥም፣ ከብት አይታረድም። ይሄ ሁሉ ተትቶ ሦስት ደቂቃ ዝላይ ብቻ። በ2015 በፈረንጆቹ ዩኔስኮ የመዘገበው እኮ ዝላዩን ብቻ አይደለም።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ፣ ኅዳር 29ን አሳጥሩትና ዓመቱን ሙሉ በየራሱ ቀን አክብሩ። መስከረም ላይ የወላይታዎች ጊፋታ አለ፣ መስቀልን ጋሞዎችና ጉራጌዎች በየራሳቸው ያከብሩታል፣ ኢሬቻ አለ፣ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ቀን አለ፣ የኛው ሲታወጅ እኔ እነግራችኋለሁ። አዳራሽ አያስፈልገውም፣ ዶርም ፊት ለፊት ሜዳው ላይ ጀበና ተጥዶ፣ የበዓሉ ባለቤት የሆነው ተማሪ ጓደኞቹን ጠርቶ፣ በቃ። አሸንዳ ብቻ ነሐሴ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ግቢ ዝግ ይሆናል እሱን እንጃ።

የጫንጮ_ፈረስ፦
አካም ጅርቱ። እኔ የሱሉልታ ልጅ ነኝ፣ አሁን ሸገር ከተማ ሆነናል በ2015፣ ለኛ ግን ያው ሱሉልታ ነው። አንቺ ያልሽው ግቢ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ስሙንም አልጠይቅሽም፣ ግን ከኛ ቤት በላይ የሚታየው ግቢ ያለበት ቦታ እኔ ልጅ እያለሁ የድርቆሽ ሜዳ ነበር። ልክ እንደዚህ ጊዜ፣ ዝናቡ ወጥቶ ሣሩ ሲደርስ ሰፈሩ ሁሉ ማጭድ ይዞ ይወጣ ነበር፣ ጠዋት ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ፣ እጅ ሲቆርጥሽ እንኳ አይታወቅሽም ከብርዱ የተነሳ። አባቴ ላሞቹን በዛ ድርቆሽ ነበር የሚያከርመው፣ ወተቱ በሌሊት አዲስ አበባ ይወርዳል። አሁን አጥር ነው። ካሳው ምን ያህል እንደነበርና የት እንደገባ እዚህ አላወራም፣ እሱ ሌላ ቁስል ነው።

የገረመኝ ግን ይሄ ነው። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ከግቢው ውስጥ የኦሮምኛ ዘፈን በስፒከር እንሰማለን። ጭፈራው ለኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ከሰፈሩ አንድ ሽማግሌ ተጠርቶ ግን አያውቅም። ዘበኛው የአጎቴ ልጅ ነው፣ አንዴ አስገብቶኝ አየሁ፣ አንድ ልጅ አባ ገዳ ሆኖ ወጥቷል፣ ግንባሩ ላይ በካርቶን ተቆርጦ በብር ቀለም የተቀባ ከለቻ አስረውበታል። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው በቅንነት ነው ያደረገው ይገባኛል። ግን ከለቻ እኮ ባርኔጣ አይደለም፣ የሚገባው ሰው ብቻ ነው የሚያደርገው። ገዳ ስምንት ስምንት ዓመት እየተቆጠረ ሥልጣን የሚተላለፍበት ሥርዓት ነው፣ ሰው በስንት ደረጃ አልፎ ነው እዛ የሚደርሰው። የቱለማ ኦሮሞዎች የገዳ ጉባኤ ቦታ ኦዳ ነቤ እዚሁ ዱከም አጠገብ ነው፣ ባለቤቶቹ በአውቶብስ መንገድ ላይ እያሉ ካርቶን ምን አመጣው?

እና ከጠራችሁ በሥርዓቱ ጥሩ። ደብዳቤ አትላኩ፣ ሰው ላኩ፣ ከተማሪዎቹ ኦሮምኛ የሚችሉ ሁለት ልጆች ቤታቸው ድረስ ይሂዱ፣ ቁጭ ብለው ይጠይቁ። በመጡ ቀን ከእንግዳ ንግግር በፊት እነሱ ይመርቁ፣ ሽማግሌው ሲመርቁ ሕዝቡ «ሃ ታኡ» (ይሁን) ይላል፣ ለተማሪው አስቀድማችሁ ንገሩት አዳራሹ ሙሉ ሲል ሌላ ነገር ነው። ሲንቄ (የክብር በትር) የያዙ እናቶችንም አትርሱ። ባለሥልጣን እስኪመጣ ብላችሁ ሦስት ሰዓት ወንበር ላይ እንዳታስቀምጧቸው ብቻ፣ ተነስተው ይሄዳሉ፣ ልክም ናቸው። ሜዳ ካላችሁ ደግሞ ፈረስ እኔ አመጣለሁ። በነፃ፣ ገለባውን ቻሉ 😄

ቆሎ_በኪሴ፦
ፈረስ ካለ እኔም እመጣለሁ፣ ምሳ ባይኖርም።

ከቫንኩቨር_ተመላሽ፦
የጫንጮው ወንድማችን የጻፈውን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ ማስተርሴን ቫንኩቨር ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ነው የሠራሁት። ግቢው ያረፈው ማስክዊም የሚባሉት ነባር ሕዝቦች መሬት ላይ ነው፣ በስምምነት ያልተሰጠ መሬት ነው፣ ይሄንን ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ስብሰባ ሲከፍት ይናገረዋል። መጀመሪያ ስሰማው ገርሞኝ ነበር፣ ባለቤቱ ያልሰጠኝን ይዣለሁ ብሎ በማይክ የሚናገር ተቋም አይቼ አላውቅም። በኋላ ደግሞ እዛው ያሉ ልጆች «መናገሩስ ቀላል ነው» ሲሉ ሰማሁ። ለትልቅ ዝግጅት የማስክዊም ሽማግሌ መጥተው እንግዳ ይቀበላሉ፣ የቤቱ ባለቤት እነሱ ናቸውና። ከዛ ነው ፕሬዝዳንቱ የሚናገረው።

የነሱ ታሪክ ከኛ የተለየ ነው፣ አላመሳስለውም። እዛ ከ150 ሺህ በላይ ልጆች ከወላጆቻቸው እየተነጠቁ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ቋንቋቸውን እንዳይናገሩ ተከልክለዋል፣ ለዛ ነው በየሴፕቴምበር 30 ሰው ብርቱካናማ ቲሸርት የሚለብሰው፣ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ አያቷ የገዙላትን ብርቱካናማ ሸሚዝ የመጀመሪያ ቀን አስወልቀው ወሰዱባት፣ ከሷ ታሪክ የመጣ ነው። የሜጢው ልጅ ቋንቋውን ለማውራት ዛፍ ሥር መውጣቱን ሳነብ ግን... እንጃ፣ እሱን የከለከለው ሕግ አልነበረም፣ ሳቅ ነው የከለከለው።

ለኮሚቴው የሚጠቅመው ይሄ ይመስለኛል። እዛ ግቢ ውስጥ በ1993 የተከፈተ ሎንግሀውስ የሚባል ቤት አላቸው፣ በትልልቅ የሴዳር ግንድ የተሠራ፣ የነባር ሕዝብ ተማሪዎች የሚያጠኑበት፣ የሚሰባሰቡበት፣ የሚመካከሩበት። ከጎኑ ላይብረሪ አለ፣ ስሙ በስኳሚሽ ቋንቋ የገደል ማሚቶ ማለት ነው። በዓሉ የሚመጣው ከዛ ቤት ውስጥ ነው፣ እኛ ጋ ግን ቤቱ የለም በዓሉ ብቻ ነው ያለው፣ ኅዳር 30 ሁሉም ይበተናል። ሕንፃ ሥሩ አላልኩም፣ አንድ ክፍል፣ ዓርብ ማታ ማታ ቁልፏ የሚሰጥ አንዲት ክላስ ትበቃለች።

ሌላው፣ ፓውዋው የሚሉት የነባር ሕዝቦች የጭፈራ በዓል ላይ ሄጄ የአንዱን ዳንሰኛ ልብስ «ኮስቲዩም» ብዬ አደነቅኩ፣ በትህትና አረመኝ፣ ኮስቲዩም የሌላ ሰው መስለህ ስትጫወት የምትለብሰው ነው፣ ይሄ የራሴ ነው አለኝ፣ የክንዱን ዶቃ አያቱ ናቸው የሰፉለት። መድረክ መሪው ደግሞ አንዳንዱ ዘፈን ሲደርስ «ካሜራ ዝቅ፣ ኮፍያ አውልቁ» ይላል፣ ሰውም እሺ ይላል። እኛ ጋ ቲክቶከሩ መድረክ ላይ ወጥቶ ነው የሚቀርጸው።

ስልችት_ብሎኛል፦
እሺ የዓርብ ማታዋን ክፍል ወደድኳት። ዋይፋይ ካላት አባል ነኝ።

የሱሉልታ_ብርድ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ስብሰባ ላይ ስለነበርኩ ነው የዘገየሁት።

የሆነውን ልንገራችሁ። የሜጢው ልጅ እንዳለኝ መጀመሪያ ያንን ልጅ ላውንጅ ወስጄ ሻይ ጋበዝኩት። «አምና ስለነበረው...» ብዬ ስጀምር «እረስቼዋለሁ» አለኝ፣ ዝም አልን፣ ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ከዛ ራሱ ጀመረ። አኙዋ ነው ለካ፣ ያለበሱት የሌላ ነበር፣ እኛ ይሄን ሁሉ ጊዜ አንድ ክላስ ተቀምጠን አልጠየቅነውም። አጎቱ ቶም ይጫወታሉ አለኝ፣ በአውራ ጣት የሚመታው መሣሪያ፣ እሱም ትንሽ ይችላል። ዶርሙ ውስጥ ሻንጣው ውስጥ አለው! ሦስተኛ ዓመት ደርሰን ማንም ሰምቶት አያውቅም፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ነው ያስቀመጠው። አወጣና ሁለት ደቂቃ ያህል መታልኝ፣ ኮሪደሩ ላይ ልብስ የሚያጥቡት ልጆች ባልዲያቸውን ይዘው በር ላይ ቆሙ።

ስብሰባው ላይ ውድድር ቀርቷል፣ ጋሼ ዩኒየን ደስ ይበልዎት፣ ለሱ ብቻ አንድ ሰዓት ተከራክረናል፣ ዋንጫው አስቀድሞ ተገዝቶ ነበር (ለእግር ኳስ ይሁን ተባለ)። የኪራዩ ብር ለእንሰት፣ ለቡናና ለታክሲ እንዲሆን ጠይቄያለሁ፣ ፋይናንስ ደግሞ «ሦስት ፕሮፎርማ አምጡ» አለ፣ ለቆጮ ሦስት ፕሮፎርማ ከየት እንደማመጣ የምታውቁ ንገሩኝ። ሽማግሌዎቹን ለመጥራት ሁለት ልጆች እሁድ ይሄዳሉ፣ የጫንጮ ፈረስ በውስጥ መስመር ጽፌልሃለሁ እየው። የንግግሩ ቅደም ተከተል ላይ ግን ከላይ ያሉት እሺ አላሉም፣ «መጀመሪያ የክብር እንግዳው» ነው የሚሉት፣ አሁንም እየተሟገትኩ ነው። የአይዴን ሐሳብ ሁሉም ወደደው፣ የዓመቱን ቀን መቁጠሪያ ሠርተን ቦርድ ላይ እንለጥፋለን፣ አሥራ አንድ ቀን ሞልተናል እስካሁን፣ የክፍሏን ቁልፍ ግን ገና አልሰጡንም።

የሜጢ ልጅ፣ አንተስ መጥተህ ስለ ቀፎው ታወራልን? የትራንስፖርት አለን።

የሜጢ_ልጅ፦
እመጣለሁ። ማር ከቤት አስልካለሁ፣ ከሜጢ አዲስ አበባ በአውቶብስ ሩቅ ነው፣ ባለፈው በጄሪካን መጥቶ ክዳኑ ለቆ የሰው ሻንጣ ላይ ፈሶ ረዳቱ እኔን ሊገድለኝ ነበር። ዘንድሮ በቅል ነው የማስመጣው፣ አፉ በሰም ይታሸጋል። ግቢያችሁ በር ላይ ፍተሻ ላይ «ይሄ ምንድነው» ብለው እንዳይሰብሩት ዘበኛውን አስቀድመሽ ንገሪልኝ።

የጫንጮ_ፈረስ፦
ዘበኛውን ለኔ ተዉት።